ለሁለት ታይፒስት አንድ ወንበር

ባለፈው ሐሙስ ከመቀሌው ዓዲ ሓቂ ገበያ ስመለስ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ሥራ ፈልጌ አይደለም፤ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ማን ይቀጥራል? ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሌላዋ ሴት ጫማና ቀሚስ የተደረደረበት መስኮት ስታይ እንደምትቆመው፣ እኔ ደግሞ "ክፍት የሥራ ቦታ" የሚል ወረቀት ሳይ እግሬ አልራመድ ይላል። "የቢሮ ረዳት፣ ብዛት አንድ። የትምህርት ደረጃ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት።" ፎቶ ኮፒ ለማንሳትና ደብዳቤ ለማድረስ ዲግሪ! ደግሞ ሁለት ዓመቱን ከየት ያምጡት? ሁሉም ልምድ ያለው ሰው ከፈለገ ልምዱን የሚሰጠው ማነው? ይህን ለራሴ ሳጉረመርም ወጣቶቹ ስልካቸውን እያወጡ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። አንዷ እንኳ ቆማ አታነበውም። እኛ በእስክሪብቶ ነበር የምንገለብጠው፤ ገልብጠን ስንጨርስ ግማሹን በቃላችን ይዘነው እንሄዳለን።

"ሓፍተይ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት አንሺልኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል" አለች አንዲት ሴት ስልኳን ወደ እኔ እየዘረጋች። ሓፍተይ ማለት እህቴ ማለት ነው፤ መቀሌ ውስጥ የማያውቁትንም ሰው እንዲህ ይጠሩታል። ይቺ ሴት ግን የማላውቃት አልነበረችም። ከፊቷ በፊት ድምፅዋን አወቅኩት። ለተብርሃን ናት፤ በልጅነታችን አብረን ሥራ የጀመርን፣ አንድ ታይፕ ለሁለት የተካፈልን ለተብርሃን።

"ወይለይ! ዘሃራ ዲኺ? ዘሃራ ነሽ?" ብላ ጮኸች። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሁለታችንም ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ ወጥተን አናውቅም፤ እሷ ሰሜን በኩል፣ እኔ ሓድነት ሰፈር። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ተያይተን እናውቃለን። "እንዴት ነሽ፣ ልጆች ደህና?" ተባብለን እንለያያለን እንጂ ቁጭ ብለን ያወራንበት ቀን የለም። እሷ ትሸሸኛለች፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አልፈልጋትም ነበር። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። ያን ቀን ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ "ይሄ ለትንሿ ልጄ ነው፤ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ፣ ቤት ተቀምጣለች" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዘሃራ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ልነግርሽ እያልኩ መንገድ ቀይሬ ሄጃለሁ። ዛሬ ግን እግዚአብሔር ፊት ለፊት አቆመኝ" አለች። እዚያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባን። ሻዩ መጣ። ስኳሩን ማማሰል ጀመረች፤ ማማሰሉን አላቆም አለች። እኔም አላጣደፍኳትም። የማንኪያዋን ድምፅ እየሰማሁ ሳለ ሐሳቤ ይዞኝ ነጎደ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ብጠራውም እሳሳታለሁ። የደርግ ዘመን ጦርነት አልፎ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ቤቱን መጠገን የጀመረበት ጊዜ ነው። ጋሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ ሳንቲም፣ ክረምት ሲገባ በለስ አንዱ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ሻጯ በቢላዋ ልጣ ታቀርብና እዚያው ቆመን እንበላለን፣ እሾሁ ግን ሁለት ቀን ጣታችን ላይ ይከርማል። መቀሌ ያኔ የድንጋይ ጠራቢ ከተማ ነበረች። በየመንደሩ ነጩ ድንጋይ ሲጠረብ ከጠዋት እስከ ማታ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ነፋሱ ሲነሳ ያ ነጭ አቧራ ይመጣና በዘይት የታሸ ፀጉራችን ላይ ያርፋል። ሮማናት አደባባይ አካባቢ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ክራሩን ከፍ አድርጎ ሲከፍተው የጋሪ ፈረሶች እንኳ እርምጃቸውን ያሳምሩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እዚያ ጋ ሳልፍ የስልክ ቀፎ ይሸጡበታል። ነፋሱ ግን ያው ነው።

አባቴ ከደሴ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ደሴ ላይ ስድስት ወር ታይፕ ተምሬ ተከተልኩት። ያኔ መሥሪያ ቤቱ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ዛሬ መኖሪያ ቤት የነበረው ነገ ቢሮ ሆኖ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ ዘበኛ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ታይፒስት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ተላላኪ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ ይፈለጋል። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን በትግርኛ ቢያደርጉትም፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆነ ድርጅቶች ደብዳቤያቸው በአማርኛ ነበርና አማርኛ የምትመታ ልጅ ተፈላጊ ነበረች። አንዱ የግንባታ ድርጅት አንድ ታይፒስት እፈልጋለሁ ብሎ ለጠፈ። አርባ የምንሆን ልጆች ተሰለፍን። አባቴ ከሱቁ ቡኒ ጨርቅ ቆርጦ ያሰፋልኝን ጉርድ ለብሼ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ቢጫ የክር ሹራብ ለብሳለች፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቢጫ ተጠግኗል። ዞር ብላ "ማጥፊያ ላጲስ ይዘሻል?" አለችኝ። ላጲሴን ለሁለት ከፍዬ ሰጠኋት። ለተብርሃንን ያወቅኳት እንዲህ ነው።

ከአርባዎቹ እሷና እኔ አለፍን። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ወልዳይ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ብቻ የሚጥሉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አቁመውን "ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ። ሦስት ወር ሙከራ ትሠራላችሁ። ወንበሩ ግን አንድ ነው፤ ሐቁን ልንገራችሁ" አሉን። የአማርኛ ታይፕም አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት እኔ ስመታ እሷ ቢሮውን ለሁለት ከሚከፍለው ኮምፔንሳቶ ጀርባ መዝገብ ቤት ፋይል ታደራጃለች፤ ከሰዓት እንቀያየራለን። አባቴ "ቋሚ ካልሆንሽ ወደ ደሴ ትመለሻለሽ፤ ለጋብቻ የጠየቀሽ ሰው አለ" ብሎኛል። የጠየቀኝን ሰው አውቀዋለሁ፤ ለአባቴ ጓደኝነት ቢሆን ይስማማው ነበር። ለተብርሃን ደግሞ ለሦስት ታናናሾቿ እናትም አባትም ነበረች። ሁለታችንም ይህን ተጨዋውተናል። ምሳችንን አንድ ሳህን ላይ እየበላን፣ አንዳችን እንደምንወድቅ እያወቅን፣ እንዲያው እንስቅ ነበር። ልጅነት ደግ ነው።

ደግሞ ያ ሽታ! ደብዳቤ በምናባዛበት ስቴንስል ላይ ስንሳሳት የምንቀባው ቀይ ፈሳሽ ነበር፤ ዛሬ የወንድሜ ልጅ ጥፍሯን ስትቀባ የሚሸተኝ ያው እሱ ነው። የካርቦኑ ጥቁር ጣታችን ላይ፣ ከጣታችን ጉንጫችን ላይ ይሄዳል። የአማርኛ ታይፕ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ማታ ስተኛ ጣቶቼ አንሶላው ላይ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ነገር ግን ደስ ይለኝ ነበር። አቶ ወልዳይ ቆመው እየተንጎራደዱ ሲናገሩ እኔ ቀጥታ ታይፑ ላይ እወስዳለሁ። አንድ ጊዜ ከተናገሩ አይደግሙም፤ እኔም አላስደግማቸውም። ይሄ ኩራቴ ነበር። ለነገሩ ከኩራቱ ሥር ፍርሃት ነበረበት። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲቸኩሉ ግን ትግርኛው ይገባበታል፣ እኔ ደግሞ ስቀጠር "ትግርኛ እሰማለሁ" ብዬ ነበር። የምሰማው ሰላምታውን ብቻ ነው! "ምን አሉ ጋሼ?" ብል የሚታወቅብኝ እየመሰለኝ፣ ያልገባኝን በግምት እየሞላሁ አልፈዋለሁ። ግምቴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር።

ሦስተኛው ወር ያለቀ ሰሞን አቶ ወልዳይ ጠዋት ኮታቸውን እንደጣሉ ገቡ። መኪና ውጭ ሞተሯ ተነስቶ ትጠብቃቸዋለች፤ ወደ ሽሬ ለመስክ ሊሄዱ ነው። "ዘሃራ፣ ቶሎ በዪ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት" አሉ። ወረቀቱን በካርቦን ደራርቤ ሰካሁ። "የሁለቱን ታይፒስቶች ሥራ ተከታትያለሁ። ሁለቱም ትጉዎች ናቸው። በጀቱ የፈቀደው ግን ለአንዲት ነው" አሉ። በመስኮቱ በኩል ወደ መኪናዋ እያዩ ጨረሱት፤ "ስለዚህ የወይዘሪት ለተብርሃን ቅጥር ይጽና።"

ጻፍኩት። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወረቀቱ ቢደበዝዝብኝም እጄ መንገዱን ያውቀዋል። አቶ ወልዳይ የእኔን ጽሑፍ ሳያነቡ ነበር የሚፈርሙት፤ ያን ቀንም ጎንበስ ብለው ፈረሙና "በርቺ፣ ስመለስ እንገናኛለን" ብለውኝ ወጡ። በየትኛው ፊታቸው ነው እንዲህ የሚሉኝ ብዬ ተቃጠልኩ። ደብዳቤው ሄደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ ለተብርሃን ቋሚ፣ እኔ ምስጋናና ስንብት። አቶ ወልዳይ ገና ከመስክ አልተመለሱም። ለተብርሃን አንገቴን አቅፋ ከእኔ በላይ አለቀሰች፤ ደግነቷ ገርሞኝ ራሴ አባበልኳት። ስወጣ ዘበኛው እንኳ "ምን አጠፋሽ?" አለኝ። ምን አጠፋሁ? በፍጥነት እበልጣታለሁ፣ በአማርኛ እበልጣታለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ብዬ ደመደምኩ። እሳቸው የአገራቸውን ልጅ መረጡ፣ እኔ ከወሎ የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ይህችን ቂም እንደ ጥርስ ሕመም ለዓመታት ይዣት ዞርኩ።

ደሴ አልተመለስኩም። አባቴን አንድ ወር ብቻ ብዬ ለመንኩት። አሮጌ ታይፕ ተከራይቶልኝ፣ ከሱቁ በረንዳ ጥግ ሰጥቶኝ፣ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ወሩ ዓመት ሆነ። ሥራ ፈላጊው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ የማን ማመልከቻ እንደሚያልፍ፣ የማን እንደሚወድቅ በረንዳ ላይ ሆኜ ተማርኩት። ቆይቶ ሓድነት አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ አምስት ታይፕ ደርድሬ ማስተማር ጀመርኩ፤ ታይፑ ሲሞት ኮምፒዩተር ተካሁ። በቅርቡ ጉልበቴን ሲያመኝ ትምህርት ቤቱን ዘጋሁት እንጂ፣ መቀሌ ውስጥ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ያልተቀመጠችበት ቢሮ ጥቂት ነው። አሁንም ሥራ ፈላጊ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ምክር ፍለጋ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። የምነግራቸው ያው ነው። ኦርጅናል ማስረጃሽን ለማንም አትስጪ፣ አሳይተሽ ኮፒውን ተዪ። ማመልከቻሽ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ችግርሽን ሳይሆን ሥራሽን ጻፊበት። ለፈተና አዲስ ጫማ አታድርጊ፣ ሐሳብሽ እግርሽ ላይ ይሆናል። ስትገቢ መጀመሪያ ዘበኛውንና ጽዳቷን ሰላም በዪ፤ ኃላፊው መቼ እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚያናድደው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ጆሮሽ ፈጣን ይሁን፣ አለቃሽን አታስደግሚ። "የዘሃራ ልጆች አያስደግሙም" ይባል ነበር። ስሰማው እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

"ዘሃራ" አለች ለተብርሃን። ማንኪያዋን አስቀምጣለች። "አቶ ወልዳይ ያን ቀን ያስጻፉሽን ታስታውሻለሽ?"

"እንዴት ይረሳል? የለተብርሃን ቅጥር ይጽና።"

"አላሉም።"

"እንዴት አላሉም? በእጄ እኮ ነው የጻፍኩት!"

"ይጽናሕ ነው ያሉት" አለች። የመጨረሻዋን ፊደል ከጉሮሮዋ ሥር አወጣቻት።

መቀሌ ይህን ያህል ኖሬ ትግርኛውን ዛሬ አላውቀውም አልልም። ይጽናሕ ማለት ይቆይ፣ ይጠብቅ ማለት ነው። የእኛ ይጽና ደግሞ ይጽደቅ፣ ይርጋ። እኛ ወሎዎች ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ ለይተን አንጠራም፤ ቃል መጨረሻ ላይ በስሱ ከመጣች ጭራሽ አንሰማትም። የእሳቸው ሕ በመኪናዋ ድምፅ መሐል ከጉሮሯቸው ወጥታ እኔ ጆሮ ሳትደርስ ቀርታለች።

"የእኔ ይቆይ፣ በጀት ሲመጣ ይታያል ማለታቸው ነበር" አለች ለተብርሃን። "ላንቺ ደብዳቤ አያስፈልግሽም ነበር፤ ሙከራውን የጨረሰ፣ ይቆይ ካልተባለ፣ በራሱ ቋሚ ይሆናል። የመረጡት አንቺን ነው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ነበርኩ እኮ። ሲናገሩ ሰማኋቸው፣ እዚያው ፋይሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ አንቺ ቀሪውን ይዘሽ መጣሽ።" ቀሪ የምንለው ቢሮ የሚቀመጠውን ቅጂ ነው። "አነበብኩት። ይጽና ይላል። አንዲት ፊደል ጎድላለች። ልነግርሽ ተነሳሁ፣ ሓቀይ እየ፣ እውነቴን ነው፣ ተነስቼ ነበር። ታናናሾቼ ፊቴ ላይ መጡብኝ። ተቀመጥኩ። ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።"

ብርጭቆዬን ገፋ አደረግኩት። እሷ ግን አንዴ ጀምራለችና አላቆመችም።

"ከመስክ ሲመለሱ 'ዘሃራስ?' አሉኝ። ቀሪውን አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡት። 'ይቺ ልጅ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?' አሉ። ከዚያ 'ፈልገሽ አምጪልኝ፣ እኔ ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፍላታለሁ' አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠየቁኝ። ደሴ ገብታለች አልኳቸው።"

ደሴ! የአባቴ ሱቅ ከዚያ ቢሮ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እሷ ደሴ ገብታለች ስትል እኔ በረንዳው ላይ የሰው ማመልከቻ እየመታሁ ነበር። ተናደድኩ። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት መሰለኝ፣ ሻዩ ፈሰሰ። ዕድሜ ያበርዳል የሚሉት ውሸት ነው። ግን የሚገርመው፣ ከእሷ ይልቅ ያንገበገቡኝ አቶ ወልዳይ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ሲሞቱ ሰምቼ ለቅሶ አልሄድኩም። ዘመዳቸውን መርጠው ጣሉኝ እያልኩ፣ ሳያነቡ የሚፈርሙልኝን ሰው፣ ስመለስ እንገናኛለን ያሉኝን ሰው፣ ሳማቸው ኖርኩ። አንድ ቃል ብጠይቃቸው ኖሮ፣ አንድ "ምን አሉ ጋሼ?" ብል ኖሮ! ደግሞ ያን ጥፋቴን ለመቶ ልጆች ምክር አድርጌ ሰጠሁት። አታስደግሙ አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለተብርሃን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ አንገቴ ላይ ያለቀሰችው ለቅሶ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ውጭ ወጣቶቹ አሁንም ሰሌዳው ፊት ይመጣሉ፣ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ባረጅ ኖሮ ምን ዓይነት ሴት እሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ጡረታዬን የምቆጥር ጸጥ ያለች ሴት። በረንዳዬን እወደዋለሁ፤ አምስቱን ታይፖቼንም፣ ልጆቼንም። ቢሆንም የተወሰደብኝ የእኔ ነበር።

"ይቕረ በልለይ ሓፍተይ፤ ይቅር በይኝ" አለች።

ይቅር ብዬሻለሁ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሊወጣ አልቻለም። የወጣው ሌላ ነው።

"ይጽናሕ" አልኳት።

ለተብርሃን ከነጠላዋ ቀና አለች። "ምን አልሽ? ይጽና ነው፣ ይጽናሕ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ይጽናሕ" አልኩ ደግሜ፣ ሐመሩን ከጉሮሮዬ ሥር አውጥቼ፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሁሉ እስኪሰሙት። "ይቅርታው ይቆያል። ልጅሽን ግን ቅዳሜ ጠዋት ላኪልኝ፤ እሷ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።"